ናይትሮጅንን የሚሰብረው ፈርጥ፦ ባክቴሪያዎች የብረት፣ የድኝና የሞሊብዲነም ቅንጣትን እንዴት ይገጣጥማሉ?

(ለሕዝብ የቀረበ ትምህርታዊ ንግግር፤ ከድምፅ ቅጂ ተገልብጦ በተናጋሪው የታረመ። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።)



የዛሬውን ንግግሬን አንድ የቈየ ዕዳ በመናዘዝ ልጀምር።

ከሃያ ዓመት ገደማ በፊት፣ የዶክትሬት ትምህርቴን ጨርሼ ሥራ በጀመርሁበት ሰሞን፣ ለአርሶ አደሮች በተዘጋጀ አንድ ሥልጠና ላይ ስለ አፈር ለምነት እንድናገር ተጋብዤ ነበር። ባቄላና ሽምብራ ናይትሮጅንን ከአየር እንደሚያገኙ፣ ይህንንም የሚያደርጉላቸው በሥራቸው ላይ ባሉት ትንንሽ እብጠቶች ውስጥ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች መሆናቸውን አስረዳሁ። ስጨርስ አንድ አዛውንት ገበሬ ብድግ ብለው፣ «ልጄ፣ ባቄላው የሚችለውን ስንዴው ለምን አይችልም? እናንተ የተማራችሁት አታስተምሩትም?» ሲሉ ጠየቁኝ። ታዳሚው ሳቀ። እኔ ግን ወጣትነቱም አዲሱ ማዕረግም ስለነበረኝ፣ «አባቴ፣ ዘረ መሎቹ ታውቀዋል፤ በዐሥር ዓመት ውስጥ እናስተምረዋለን» አልኋቸው። ዐሥሩ ዓመት አለፈ፤ ሌላ ዐሥርም ተጨመረበት። ስንዴው ዛሬም ዩሪያውን ይጠብቃል።

ስሕተቴ የት ላይ እንደነበር ለመረዳት ጊዜ ወስዶብኛል። ያን ዕለት ያሰብሁት ስለ ኢንዛይሙ ብቻ ነበር። ኢንዛይሙ በልቡ ውስጥ የሚሸከመውን የብረት ቅንጣት ማን እንደሚሠራው፣ በስንት እጅ እንደሚያልፍ፣ በመንገዱም ምን ያህል አደጋ እንዳለበት በቅጡ አላሰብሁም። የዛሬው ንግግሬ ስለዚያ ቅንጣትና ስለ ሠሪዎቹ ነው። ለአዛውንቱ ልሰጣቸው ይገባኝ የነበረው መልስም ከዚያው ይገኛል።

በአየር ተከቦ መራብ

ከምንተነፍሰው አየር ውስጥ 78 በመቶው ናይትሮጅን ነው። ናይትሮጅን ከሌለ ፕሮቲን የለም፤ ዘረ መልም የለም። ሆኖም ተክልም እንስሳም ይህን ጋዝ እንዳለ ሊጠቀሙበት አይችሉም። ምክንያቱ ሁለቱ የናይትሮጅን አቶሞች እርስ በርሳቸው በሦስት ትስስር ተቈራኝተው መኖራቸው ነው። ይህ ትስስር በኬሚስትሪ ከሚታወቁት እጅግ ጠንካራ ትስስሮች አንዱ ሲሆን፣ አንድ ሞል ናይትሮጅንን ወደ ነጠላ አቶሞች ለመለያየት 945 ኪሎጁል ያህል ይጠይቃል።

የሰው ልጅ ይህን ቁልፍ የከፈተው በኀይል ነው። ጀርመናዊው ኬሚስት ፍሪትዝ ሐበር በ1909 ናይትሮጅንን ከሃይድሮጅን ጋር አዋሕዶ አሞኒያ ማውጣት እንደሚቻል በቤተ ሙከራ አሳየ፤ ካርል ቦሽ ደግሞ ዘዴውን ወደ ፋብሪካ አሳደገው፤ በ1913 በኦፓው ከተማ የመጀመሪያው ፋብሪካ ማምረት ጀመረ። ዘዴው ከ400 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሙቀትንና ከባሕር ወለል የአየር ግፊት በመቶዎች የሚቈጠር እጥፍ የሚበልጥ ግፊትን ይጠይቃል። በየመንደራችን የምናያት የዩሪያ ማዳበሪያ የዚህ ዘዴ ልጅ ናት፤ አንድ ኩንታል ዩሪያ 46 ኪሎ ግራም ናይትሮጅን ይዛለች። ይህን ሁሉ ናይትሮጅን ከባሕር ማዶ በውጭ ምንዛሪ ገዝተን፣ በመርከብ አሻግረን፣ በከባድ መኪና ተራራ አውጥተን እናመጣዋለን፤ ያው ናይትሮጅን ግን ከእያንዳንዱ ማሳ በላይ በነፃ ይነፍሳል።

ባክቴሪያዎቹስ? እነርሱ ያንኑ ሥራ በአፈር ሙቀትና በተራ የአየር ግፊት ይሠሩታል። መሣሪያቸው ናይትሮጅኔዝ የተባለው ኢንዛይም ነው። ነገር ግን ሥራው ለእነርሱም ርካሽ አይደለም፤ አንዲት የናይትሮጅን ሞለኪዩል ወደ ሁለት አሞኒያ ለመለወጥ ስምንት ኤሌክትሮኖችንና ቢያንስ 16 ኤቲፒ፣ ማለትም የሕዋስን የኀይል ምንዛሪ፣ ያወጣሉ።

ፈርጡ

ናይትሮጅኔዝ ሁለት ፕሮቲኖች ተባብረው የሚሠሩት ነው። አንደኛው ኤሌክትሮን አቀባይ ሲሆን ኒፍ-ኤች ይባላል። ሁለተኛው፣ ኒፍ-ዲ እና ኒፍ-ኬ ከሚባሉ አካላት የተገነባው ትልቁ ፕሮቲን፣ ናይትሮጅኑ የሚሰበርበት ቦታ ነው። «ኒፍ» የሚለው ስም ናይትሮጅንን ማዋሐድ ከሚለው የእንግሊዝኛ ሐረግ የወጣ ምኅጻር ነው፤ ቀጥሎ ያለው ፊደል ደግሞ የዘረ መሉ መለያ ነው። ዛሬ ብዙ ኒፎችን ስለምጠራ ስሞቹን ለመያዝ አትጨነቁ፤ የእያንዳንዱን የሥራ ድርሻ ብቻ ያዙልኝ።

ፕሮቲኑ ብቻውን ቀለበት ነው ብንል፣ ሥራውን የሚሠራው በቀለበቱ ላይ የተተከለው ፈርጥ ነው። ሳይንሱ የብረትና ሞሊብዲነም ኮፋክተር ይለዋል። ሰባት የብረት፣ ዘጠኝ የድኝ፣ አንድ የሞሊብዲነም አቶሞች አሉት፤ በሞሊብዲነሙ ጫፍ ላይ ሆሞሲትሬት የተባለ የኦርጋኒክ አሲድ ሞለኪዩል ተጣብቋል። በመካከሉ ደግሞ ስድስት ብረቶች የከበቡት አንድ የካርቦን አቶም ተቀምጧል። ካርቦን አራት ትስስር ብቻ እንደሚያደርግ ከሁለተኛ ደረጃ ጀምሮ የተማርን ሁሉ፣ በስድስት ብረቶች መካከል ተቀምጦ ስናየው መደነቃችን አይቀርም።

ይህን ለማወቅ የተሄደው መንገድ ረጅም ነበር። በ1977 በአሜሪካ በዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ ቪኖድ ሻህና ዊንስተን ብሪል የተባሉ ተመራማሪዎች ፈርጡን ከቀለበቱ ነቅለው ለብቻው አወጡት። ማረጋገጫቸው ግሩም ነበር። አዞቶባክተር ቪኔላንዲ የተባለ የአፈር ባክቴሪያ አንድ ጉድለተኛ ዝርያ ነበራቸው፤ ፕሮቲኑን ይሠራል፣ ኢንዛይሙ ግን አይሠራም። የነቀሉትን ቅንጣት ከዚህ ዝርያ በተጨመቀው ፈሳሽ ላይ ሲጨምሩት የሞተው ኢንዛይም ነቃ። ጉድለቱ የቀለበቱ ሳይሆን የፈርጡ መሆኑ በዚህ ታወቀ።

የፈርጡ ቅርጽ በኤክስሬይ የታየው በ1992 በዳግላስ ሪስ ቤተ ሙከራ ነው። ያኔ መካከሉ ባዶ መስሎ ነበር። በ2002 የተሻለ ምስል ሲነሣ በመካከሉ አንድ ቀላል አቶም ተገኘ። ካርቦን ይሁን ናይትሮጅን ወይስ ኦክስጅን የሚለው ክርክር ዘጠኝ ዓመት ፈጅቶ፣ በ2011 ካርቦን መሆኑ ተረጋገጠ። ያን ጊዜ አዲስ ጥያቄ ተወለደ፦ ካርቦኑ ከወዴት መጣ? ማንስ አስገባው?

አንጥረኞቹ

እዚህ ላይ ተማሪዎች ሁልጊዜ የሚጠይቁኝ አንድ ነገር አለ። ብረትም ድኝም በሕዋሱ ውስጥ ካሉ፣ ለምን በራሳቸው ተገናኝተው አይገጣጠሙም? መልሱ ሁለቱም ልቅ ሆነው ሲገኙ መርዝ ናቸው የሚል ነው። ልቅ ብረት ከኦክስጅን ጋር ሲገናኝ የሕዋስን አካል የሚበሉ ቅንጣቶችን ያፈራል፤ ልቅ የሆነው ሰልፋይድም ገዳይ ነው። ስለዚህ ሕዋሱ እነዚህን ንጥረ ነገሮች እንደ እሳት ፍም በጉጠት ይዞ፣ ከአንዱ ፕሮቲን ወደ ሌላው እያቀበለ እንጂ በሜዳ ላይ ጥሎ አይሠራም።

የመጀመሪያው ሠራተኛ ኒፍ-ኤስ ነው። ይህ ፕሮቲን ሲስቲን የተባለውን አሚኖ አሲድ ይዞ ድኙን ይነጥቀዋል፤ የቀረው አላኒን ይሆናል። ሥራውን የሚሠራው ከቫይታሚን ቢ6 በሚገኝ ረዳት ነው። የነጠቀውን ድኝ ለኒፍ-ዩ ያቀብላል። ኒፍ-ዩ እንደ መስፍ ነው፤ ብረቱና ድኙ የሚገናኙት በእርሱ ላይ ሆኖ፣ አራት ብረትና አራት ድኝ ያሏት ትንሽ ኩብ ትወጣለች። ይህች ኩብ የፈርጡ ጥሬ ዕቃ ናት።

ቀጥሎ የሚመጣው ኒፍ-ቢ ነው፤ ለእኔ የዚህ ታሪክ ሁሉ ልብ ይህ ነው። ኒፍ-ቢ ሁለት ኩቦችን ተቀብሎ ወደ አንድ ያዋሕዳቸዋል፤ በመካከላቸውም ያንን የካርቦን አቶም ይተክላል። ካርቦኑን የሚያገኘው ሳም ከተባለ፣ በማንኛውም ሕያው ሕዋስ ውስጥ ከሚገኝ ሞለኪዩል ነው። አንዲት ሳም የሜቲል ክፍሏን ትሰጣለች፤ ሌላዋ ሳም ደግሞ ተሰንጥቃ እጅግ ቍጡ የሆነ ነፃ ራዲካል ትፈጥርና ከሜቲሉ ላይ ሃይድሮጅን ትነጥቃለች። በዚህ መልክ የተራቈተው ካርቦን በብረቶቹ መካከል ይቀመጣል። በ2012 በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በኧርቫይን የሚሠሩት የማርከስ ሪቤና የዪሊን ሁ ቡድን፣ የሳምን ሜቲል በራዲዮአክቲቭ ካርቦን ምልክት አድርጎ ምልክቱ በፈርጡ ውስጥ መግባቱን አሳየ። «ካርቦኑ ከወዴት መጣ?» የሚለው ጥያቄ በዚህ ተመለሰ።

ከኒፍ-ቢ የሚወጣው ስምንት ብረት፣ ዘጠኝ ድኝና አንድ ካርቦን ያለው ቅንጣት ገና ያላለቀ ፈርጥ ነው። ሞሊብዲነም የለውም፤ ሆሞሲትሬትም የለውም። ኒፍ-ኤክስ የተባለ አቀባይ ፕሮቲን ቅንጣቱን ይዞ ወደ ሁለተኛው መስፍ፣ ወደ ኒፍ-ኢኤን፣ ያደርሰዋል። ኒፍ-ኢኤን በመልኩ ትልቁን የናይትሮጅኔዝ ፕሮቲን ይመስላል፤ ወንድማማቾች እንደሆኑ የአሚኖ አሲድ ቅደም ተከተላቸው ይናገራል። አንጥረኛ ቀለበቱን ከማበላሸቱ በፊት ፈርጡን በአምሳያ ላይ እንደሚለካው ያለ ነገር ነው።

በዚህ መስፍ ላይ ሦስት ዕቃ አቅራቢዎች ይሰበሰባሉ። ኒፍ-ኪው ሞሊብዲነም ያመጣል፤ ኒፍ-ቪ ሆሞሲትሬትን ይሠራል፤ ኒፍ-ኤች ደግሞ ኤቲፒ እያወጣ ከጫፍ ያለውን አንድ ብረት በሞሊብዲነም ያስለውጣል። ኒፍ-ኤች ቀደም ብዬ ኤሌክትሮን አቀባይ ያልሁት ራሱ መሆኑን አስተውሉ። አንድ ፕሮቲን ግንባታው ላይ ገብቶ ይሠራል፤ ግንባታው ሲያልቅ ደግሞ ኤሌክትሮን ያቀብላል። እንዲያውም በትልቁ ፕሮቲን ውስጥ ያለውን ሁለተኛ የብረትና የድኝ ቅንጣት በማብሰልም ይሳተፋል። ሦስት ሙያ ያለው አንድ ሠራተኛ ነው።

የእያንዳንዱ ድርሻ የታወቀው በአብዛኛው ከጉድለት ነው። ኒፍ-ኪው የጐደላቸው ዝርያዎች ብዙ ሞሊብዲነም ሲጨመርላቸው ይድናሉ፤ ከዚህም ሥራው ሞሊብዲነም ማቅረብ እንደሆነ ተገመተ። ኒፍ-ቪ የጐደለው ክሌብሲየላ ደግሞ በሆሞሲትሬት ፋንታ ሲትሬትን ይተክላል። በሁለቱ አሲዶች መካከል ያለው ልዩነት አንድ የካርቦን አንጓ ብቻ ነው። ሆኖም በሲትሬት የተሠራው ኢንዛይም አሲቲሊንን የመሰለ ቀላል ሥራ ሲሰጡት ይሠራል፤ ናይትሮጅን ላይ ሲደርስ ግን ይደክማል። የአንድ አንጓ ስሕተት ሙሉውን ፈርጥ ዋጋ ያሳጣዋል።

በመጨረሻ ያለቀው ፈርጥ ወደ ቀለበቱ ይሄዳል። ባዶው ፕሮቲን እስኪመጣለት ድረስ በአጋዥ ፕሮቲኖች ተደግፎ ክፍት ሆኖ ይጠብቃል። ፈርጡ አሉታዊ፣ መግቢያው አወንታዊ የኤሌክትሪክ ሙል ስላላቸው ይሳሳባሉ። ከገባ በኋላ በአዞቶባክተር ፕሮቲን ላይ 275ኛው አሚኖ አሲድ ሲስቲን በአንድ ጫፍ ብረቱን፣ 442ኛው ሂስቲዲን በሌላው ጫፍ ሞሊብዲነሙን ይይዙታል። ይህን ሁሉ መሰላል ያጸናው በ2007 የታተመ ሥራ ነው፤ ሉዊስ ሩቢዮና ባልደረቦቹ ከተጣሩ ፕሮቲኖች፣ ከብረት፣ ከድኝ፣ ከሞሊብዲነምና ከሆሞሲትሬት ተነሥተው ፈርጡን በሙከራ ብልቃጥ ውስጥ ሠሩት።

አንድ ጓንት ላይ ያለ ቀዳዳ

ይህ ሁሉ የሚሠራው ኦክስጅን በሌለበት ብቻ ነው። ኒፍ-ኤች አየር ሲነካው በደቂቃ ውስጥ ይበላሻል። እኔ ይህን ከመጽሐፍ ብቻ አልተማርሁትም። በዶክትሬት ትምህርቴ ሦስተኛ ዓመት ላይ፣ ለወራት ያጣራሁትን ፕሮቲን ኦክስጅን በሌለበት ዝግ ሳጥን ውስጥ አስቀምጬ በጓንት እየሠራሁ ሳለ፣ ጠቆር ያለው ቡናማ ቀለሙ በዐይኔ እያየሁት መደብዘዝ ጀመረ። ሳጥኑን ስንፈትሽ በአንዱ የጓንት ጣት ላይ የመርፌ ቀዳዳ የምታህል ክፍተት ተገኘች። ቀዳዳዋን ሳላይ ቀርቼ ያጠፋሁት እኔው ነበርሁ። ያን ማታ ወደ ማደሪያዬ ስመለስ የባቄላ እብጠት ትዝ አለኝ። ተክሉ በዚያች እብጠት ውስጥ ሄሞግሎቢንን የሚመስል ቀይ ፕሮቲን እየሠራ፣ ኦክስጅኑን በልክ እያቀበለ፣ ባክቴሪያውን እንዳይታነቅም እንዳይቃጠልም ይጠብቀዋል። እብጠቷን በጥፍራችሁ ብትሰነጥቋት ውስጧ ቀላ ብሎ የምታዩት ለዚህ ነው። እኔ በብዙ ሺህ ብር መሣሪያ ያልቻልሁትን ባቄላ በሥሯ ትችለዋለች።

ከባክቴሪያ ወደ ሰው

ይህ ጥናት ከግብርናም ያለፈ ፍሬ አፍርቷል። የኒፍ-ኤስ ሥራ በዴኒስ ዲን ቡድን በ1993 ሲገለጥ፣ ጉዳዩ የጥቂት የአፈር ባክቴሪያዎች ምሥጢር ይመስል ነበር። ቈይቶ ግን የኒፍ-ኤስና የኒፍ-ዩ ዘመዶች ናይትሮጅንን በማያዋሕዱ ፍጥረታትም፣ በእኛ በሰዎች ሚቶኮንድሪያ ውስጥም እንዳሉ ታወቀ። እኛም ለመተንፈስ የብረትና የድኝ ቅንጣት ያስፈልገናል፤ የምንሠራውም በእነዚሁ ዘዴዎች ነው። ፍሬድራይክ አታክሲያ የተባለው፣ ወጣቶችን ቀስ በቀስ መራመድ የሚነሣው በዘር የሚተላለፍ በሽታ፣ ፍራታክሲን የተባለ የዚሁ ግንባታ ረዳት ፕሮቲን ሲያንስ የሚመጣ ነው። የአፈር ባክቴሪያን ማጥናት ምን ይጠቅማል ለሚለን ሰው ይህ በቂ መልስ ይመስለኛል።

ለባቄላችንና ለስንዴያችን ምን ማለት ነው?

አሁን ወደ ማሳው ልመለስ። ከባቄላው ልጀምር።

ኒፍ-ቪ ሆሞሲትሬትን ይሠራል ብያለሁ። ነገር ግን በጥራጥሬ ሥር የሚኖሩት አብዛኞቹ ራይዞቢያ ይህ ዘረ መል የላቸውም። ታዲያ ፈርጣቸውን በምን ይጨርሱታል? በ2009 የጃፓን ተመራማሪዎች ሎተስ ጃፖኒከስ በተባለች የጥራጥሬ ዘመድ ላይ መልሱን አገኙ፦ ሆሞሲትሬቱን ሠርቶ የሚያቀርበው ተክሉ ራሱ ነው። ይህ ዘረ መል የተበላሸበት ተክል እብጠት ያወጣል፣ ባክቴሪያውም ይገባበታል፣ ናይትሮጅን ግን አይገኝም። ስለዚህ በጥራጥሬና በባክቴሪያው መካከል ያለው ዝምድና የስኳርና የአሞኒያ ልውውጥ ብቻ አይደለም፤ ፈርጡን እንኳ ተካፍለው ይሠሩታል።

ሁለተኛው ነገር ሞሊብዲነም ነው። መጠኑ ጥቂት ነው፤ ከሌለ ግን ይህ ፈርጥ አያልቅም። በአሲዳማ አፈር ውስጥ ሞሊብዲነም ከብረትና ከአሉሚኒየም ኦክሳይዶች ጋር ተጣብቆ ተክሉ እንዳያገኘው ይሆናል። ዝናብ በሚበዛባቸው የምዕራብና የደቡብ ደጋማ አካባቢዎቻችን ያለው ብዙ መሬት አሲዳማ ነው። በእንዲህ ያለ መሬት ላይ ባቄላ ሲቀጭጭ ጥፋቱ ሁሉ የሞሊብዲነም ነው አልልም፤ የአሉሚኒየም መርዝ አለ፣ የፎስፈረስ መታሰር አለ፣ ራይዞቢያው ራሱም ይጐዳል። ሆኖም ኖራ በመጨመር አሲዱን ስናበርድ፣ ከሌሎቹ ጥቅሞች ጋር የታሰረውን ሞሊብዲነምም እንፈታለን። ገበሬው ኖራ ሲበትን፣ ሳያውቀው ለኒፍ-ኪው ጥሬ ዕቃ እያቀረበ ነው። ይህን የምናገረው ነገ ስለሚመጣ ቴክኖሎጂ አይደለም፤ ዛሬ በእጃችን ስላለ ነገር ነው።

ስንዴውስ? ሬይ ዲክሰንና ጆን ፖስትጌት በ1972 የኒፍ ዘረ መሎችን ከክሌብሲየላ ወደ ኢ. ኮላይ አዛውረው፣ ናይትሮጅን የማያውቀው ባክቴሪያ ናይትሮጅን እንዲያዋሕድ አደረጉ። ብዙዎቻችንን ያሳሳተን ያ ድል ነው። ከባክቴሪያ ወደ ባክቴሪያ መዛወር እንደ ጐረቤት ቤት መግባት ነበር፤ ወደ ተክል መሄድ ግን አገር መቀየር ነው። ክሌብሲየላ ለዚህ ሥራ ሃያ ያህል ዘረ መሎች አሉት። በ2013 ከአንድ ፔኒባሲለስ ባክቴሪያ የተገኙ ዘጠኝ ዘረ መሎች ብቻ በኢ. ኮላይ ውስጥ እንደሚበቁ ታይቷል። ዘጠኙም ቢሆኑ በትክክለኛው መጠን፣ በትክክለኛው የሕዋስ ክፍል፣ ከኦክስጅን ርቀው መሥራት አለባቸው።

ተመራማሪዎች የመረጡት ቦታ ሚቶኮንድሪያ ነው። ኦክስጅንን ትበላለች፣ ኀይል ታመርታለች፣ ቀደም ብዬ እንዳልሁትም የኒፍ-ኤስና የኒፍ-ዩ ዘመዶች አሏት። በ2016 የሩቢዮ ቡድን የሚሠራ ኒፍ-ኤች በእርሾ ሚቶኮንድሪያ ውስጥ አገኘ፤ በ2019 ደግሞ በኒፍ-ቢ የሚሠራው ያላለቀው ፈርጥ በእርሾ ውስጥ መሠራቱ ተዘገበ። በሌላ በኩል ኒፍ-ዲ በተክልና በእርሾ ሚቶኮንድሪያ ውስጥ ሲገባ በዚያ ባሉ ፕሮቲን ቈራጮች ለሁለት እንደሚሰነጠቅ ተደረሰበት፤ ከዚህ የሚያመልጥ የተሻሻለ ኒፍ-ዲም ተሠራ። አንድ እርምጃ ወደፊት፣ አንድ እንቅፋት፣ እንደገና አንድ እርምጃ፤ የሥራው ጠባይ ይህ ነው።

መልሴ

ያ አዛውንት ዛሬ ከፊቴ ቢቆሙ እንዲህ እላቸዋለሁ፦ «አባቴ፣ ያን ዕለት ያልገባኝን ነገር ልንገርዎ። ባቄላው የሚችለው ብቻውን አይደለም። በሥሩ ውስጥ ብዙ አንጥረኞች ተሰልፈው አንዲት ፈርጥ ይሠሩለታል፤ እርሱም ይመግባቸዋል፣ ከአየር ይጋርዳቸዋል፣ ዕቃም ያቀብላቸዋል። ስንዴውን ለማስተማር አንጥረኞቹን ሁሉ ከነመሣሪያቸው ማሻገር አለብን። ከእነርሱ አንዳንዶቹን አሻግረናል፤ ሁሉም ግን ገና አንድ ላይ አልቆሙም። ቀን ቈርጬ አልሰጥዎትም። እስከዚያው ስንዴዎን ከባቄላዎ ጋር እያፈራረቁ ይዝሩ፤ አሲድ ያጠቃውን መሬት በኖራ ያክሙ፤ ለባቄላው የሚስማማውን ባክቴሪያ ከዘሩ ጋር ይቀላቅሉ።»

ለወጣት ተማሪዎቼ ደግሞ አንድ ቃል አለኝ። ነገ ከእናንተ አንዱ በአንድ ሥልጠና ላይ ይቆምና ተመሳሳይ ጥያቄ ይቀርብለታል። ሕዝብ የእኛን ተስፋ እንደ ዘር ተቀብሎ ይዘራዋል፤ ያልበቀለ ተስፋ ደግሞ ቀጥሎ የምንናገረውን እውነት ሳይቀር ያሳጣናል። ስለዚህ ስለ ውጤቱ ስትናገሩ ስለ ሠሪዎቹም ተናገሩ። ስንት እጅ እንደሚያልፍ የሚያውቅ ሰው ቀን ለመቍረጥ አይቸኵልም፤ ሥራውን ለመተውም እንዲሁ።